ለቬቱሪያ ነፍስ የተሰጠው ወንበር

አኪም የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለሚስቱ ሙት ዓመት ከጣሊያን የምትመጣውን ልጁን ከባቡር ጣቢያ ተቀብሎ፣ ከጎኑ ጋቢና አስቀምጦ፣ ራሱ እየነዳ ወደ ቤት ማምጣት። «ይህም ምኞት ተብሎ!» የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚለው ሰው ግን ባለፈው ጥቅምት ሚስቱ ቬቱሪያ በተቀበረች ዕለት እኛ መንደር ያልነበረ ነው። ልጅቱ ሩክሳንድራ «በዚያች መኪና አልሳፈርም» ብላ ከከተማ ታክሲ ተኮናትራ ነው ወደ መቃብሩ የወጣችው። አባት ከፊት ብቻውን «አሮ» በምትባለው አሮጌ ጂፑ፣ ልጅ ከኋላ ብቻዋን በታክሲ፣ ሁለቱም እያለቀሱ። አንድ ለቅሶ በሁለት መኪና ሲሄድ መንደሩ በየአጥሩ ቆሞ አየ።

አሮዋ አረንጓዴ ናት፤ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ጠንካራ፣ ጆሮ የምታደነቁር። የደን መሥሪያ ቤቱ አሮጌ መኪኖቹን ሲሸጥ የገዛት አኪም ነው። የደን ጠባቂ ሆኖ ሲነዳት የኖረ ሰው ለሌላ ስትሄድ ለማየት አንጀቱ አልቻለም። በክረምት በረዶው የሌላውን መኪና ሁሉ በየጓሮው አስሮ ሲያስቀር እሷ ትወጣለች። ምጥ የያዛትንም ጥርሱን ያመመውንም ወደ ከተማ ስታወርድ የኖረችው እሷ ናት። ቀበቶ የሚባል ነገር ግን ከተፈጠረች ጀምሮ አታውቅም። የጋቢናው ወንበርም ወንበር ይባል እንጂ ሞላው የወጣ፣ መደገፊያው ትከሻ የማይደርስ፣ ጥቁር አሮጌ ነገር ነበር። ቬቱሪያ ብርድ ልብሷን አጥፋ ከሥሯ አድርጋ፣ የሱፍ ፍሬዋን እየፈለቀቀች፣ ዕድሜዋን እዚያ ላይ ተቀምጣ ኖረች።

ቀበቶዋ የአኪም ክንድ ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ፣ ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለው ጥምዝ ሲመጣ፣ ላም ድንገት መንገድ ስትገባ፣ ቀኝ ክንዱ ከመሪው ተነሥቶ በቬቱሪያ ደረት ላይ ይዘረጋል። ማንም አላስተማረውም፤ ማድረጉን እንኳ የሚያውቀው አይመስልም። ደግሞ አኪም በሰው ፊት የሚስቱን እጅ ይዞ የሚሄድ ዓይነት ሰው አይደለም። ስሟን ጮክ ብሎ ሲጠራ የሰማ የለም። «አንቺ» ነበር የሚላት፤ እሷም ከሩቅ ትሰማዋለች።

የሙት ዓመቱ ቀን ሲቃረብ ሩክሳንድራ ደወለች። ወሬያቸው እንደ ሁልጊዜው ከሰላምታ በኋላ ወደ ጭቅጭቅ ገባ።

«አሁንም በዚያች ቆርቆሮ ነው የምትዞረው?»

«በምን ልዙር? እንደ ጠንቋይ በመጥረጊያ?»

«አባዬ፣ አንድ ቀን ከገደል ሥር ትገኛለህ።»

«እናትሽ ዕድሜ ልኳን ተቀምጣባታለች።»

«እማዬ ቅድስት ነበረች። እኔ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ቀበቶ ያላሰረውን ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚያመጡት፣ ምን ሆኖ እንደሚመጣ አትጠይቀኝ።»

አኪም ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዞረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀበቶ ባስገባላትስ?» አለ።

«ካስገባህማ እሳፈራለሁ፤ ለምን አልሳፈርም» አለች ሩክሳንድራ። «ግን ያንንም ወንበር ቀይረው። የራስ መደገፊያ የሌለው ወንበር አንገት ይሰብራል።»

አኪም ዱሮ አንዴ፣ የቀበቶ ሕግ ሲጠናከር፣ ይህንኑ ሐሳብ ለቬቱሪያ አንሥቶላት ነበር። «ተወው፣ ገንዘቡን ለቤቱ ጣሪያ አውለው» ብላ ዘጋችው። እሱም ቆጣቢነቷን አመስግኖ ጣሪያውን አደሰ። አሁን ግን ልጁ «እሳፈራለሁ» ብላለች። በማግስቱ በጠዋት ተነሥቶ የመፍቻ ሳጥኑን ከፈተ።

የሹፌሩ ወንበር በቀላሉ ተፈታ። የቬቱሪያው ግን እምቢ አለ። ብሎኖቹ ዝገው ከወለሉ ጋር አንድ ሥጋ ሆነዋል። ዘይት አጠጣቸው፣ በመዶሻ አባበላቸው፣ ሰደባቸው። መፍቻው አንሸራቶት ጣቱን ሲልጠው ሚስቱ የተቆጣችው ያህል ደነገጠ። ከቀትር በኋላ የመጨረሻው ብሎን ጮኾ ለቀቀ። ወንበሩን ሲያነሣ ከሥሩ ዝገትና የሱፍ ቅርፊት ብቻ ነው ያለው። ስንት ጊዜ «መኪናዋን የዶሮ ቤት አደረግሻት» እያለ ጮኾባታል። መጥረጊያ አምጥቶ አንድ ሁለቴ ጠረገና ቆመ። ተንበርክኮ ቅርፊቱን በእጁ እየለቀመ የምስማር ጣሳ ውስጥ አስገባው።

ወንበሮቹን ያገኘው የተጋጩ መኪኖች ከሚበተኑበት ግቢ ነው፤ ከኋላ ተገጭታ ፊቷ ምንም ካልሆነች መኪና የወጡ፣ ግራጫ፣ መደገፊያቸው ረጅም። ቀበቶዎቹንም አብሮ ሊወስድ ሲል በስልክ ያማከረው የመንደሩ በያጅ ቲቲ ከለከለው።

«ጋሼ አኪም፣ ወንበር ከተጋጨ መኪና ይወሰዳል፤ ቀበቶ ግን አይወሰድም። አንዴ በግጭት ሰው የያዘ ቀበቶ ሁለተኛ አይታመንም። አዲስ ይግዙ።»

«ምን ልዩነት አለው? ጨርቅ አይደል?»

«የሚያስሩት ልጅዎን ነው ወይስ ድርቆሽ?»

አዲስ ገዛ። ቲቲ ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ ወለሉን በመዶሻ ጫፍ ነካ ሲያደርገው ዝገቱ እንደ ደረቅ ዳቦ ፊቱ ላይ ተፈረፈረ። «ቀበቶውን እዚህ ላሜራ ላይ ቢያስሩት ኖሮ» አለ እየተፋ፣ «በመጀመሪያው ፍሬን ልጅቱም ወንበሩም ወለሉም ተያይዘው በመስታወቱ ይወጡ ነበር።» የበሰበሰውን ቆርጦ ጣለ፤ ወፍራም ብረት ከሥር አስገብቶ ከሻንሲው ጋር በየደው። ብሎኖቹ በዚያ ብረት ውስጥ አልፈው፣ ከታች ሮንዴላ የሚሉት ሰፊ የብረት ቀለበት ተደርጎላቸው በዳዶ ታሰሩ። ሦስተኛው የቀበቶ ጫፍ ከበሩ ኋላ ባለው ምሰሶ ላይ፣ ትከሻ ከሚደርስበት ከፍ ብሎ ተያዘ። ወንበሩ ሲገጠም ግን አኪም ገብቶ ቢቀመጥ ጭንቅላቱ ጣሪያውን ነካ።

«ባርኔጣህን አውልቅ እንዳልልህ ባርኔጣ አላደረግክም» አለ ለራሱ።

የወንበሩ እግር ሐዲድ ተቆርጦ እንደገና ዝቅ ብሎ ተበየደ። ሌላ ሁለት ቀን ሄደ። አኪም አልሰለቸም። የሚሠራው ሥራ ያለው ሰው ምሳውን ብቻውን ሲበላ ያን ያህል አይከብደውም።

ሁሉ ሲያልቅ ሙከራ አስፈለገ። አኪም የማያምነውን ነገር ለልጁ አይሰጥም። የድንች ጆንያ ሞልቶ ጋቢና አስቀመጠ፣ ቀበቶውን በጆንያው ወገብና ትከሻ ላይ አዙሮ ቆለፈና በመንደሩ መሐል ወረደ። ጎረቤቱ ሊዮንቲና በሯ ላይ ፕለም ስትለቅም ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ጉልበቷ የደከመ፣ ምላሷ ግን ያልደከመ ሴት ናት።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» ብላ ጮኸች። «ዓመቷ ሳይሞላ አገባህ? ወይኔ፣ ደግሞ እንዴት ያለች ወፍራም ናት!»

«ዝም የምትል አግኝቼ ነው!» አላት በመስኮቱ።

«ልቀቃት እንጂ ታዲያ፣ አስረህ ነው እንዴ የምታኖራት?»

መንደሩ ሳቀ፤ አኪምም ሳቀ። ከወፍጮ ቤቱ በላይ ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነት ጨመረና በሙሉ ጉልበቱ ፍሬኑን ረገጠ። አሮዋ ጎማዋን ጎትታ ቆመች። ቀበቶው ጆንያውን ቀጥ አድርጎ ያዘው፤ አንድ ድንች አልወደቀም። ግሩም ሥራ ነው። አኪም ግን ሥራውን አላየም፤ ያየው ክንዱን ነው። ቀኝ ክንዱ ተዘርግቶ፣ መዳፉ ተከፍቶ፣ ድንቹን አቅፎ ነበር። ክንዱን መለሰና መሪው ላይ አስቀመጠው። ከኋላው የመጣ ሰው ጥሩምባ እስኪነፋበት ድረስ እዚያው ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት ሊዮንቲና በሩን አንኳኳች። እንደ ትናንቱ አትስቅም።

«ቬቱሪያን በሕልሜ አየኋት» አለች። «ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ መንገዱ ዳር፣ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች። ‹ተቀመጪ እንጂ› አልኳት። ‹የት?› አለችኝ።»

እኛ ዘንድ ሟች በሕልም ሲታይ ለዘመድ አይታይም፤ የጎደለውን በጎረቤት በኩል ነው የሚልከው። ለሟች ነፍስ ተብሎ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ ሳህን በሕይወት ላለ ጎረቤት ይሰጣል፤ እዚህ የተሰጠው እዚያ ይደርሰዋል። አኪምም በአርባዋ ምንም አላጎደለባትም።

«ወንበር ሰጥቻታለሁ» አለ። «ከሱቅ፣ አዲስ፣ የተወለወለ።»

«ያቺ ሴት በአዲስ ነገር ላይ ስትቀመጥ አይተህ ታውቃለህ? የራሷን ወንበር ከሥሯ ነቅለህ ዝናብ ላይ ጣልከው።» ከማገዶው ክምር አጠገብ የተጣለውን ጥቁር ወንበር በአገጯ አሳየችው። «ወይ መልሰህ ግጠምላት፣ ወይ ስጥላት።»

መልሶ መግጠም አይታሰብም፤ ልጁ መንገድ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ወንበሩን አጠበ፣ ብረቱን ወለወለ። ሙታን የሚታሰቡበት ቅዳሜ ሲደርስ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ሊዮንቲና ቤት ሄደ። አዲስ ፎጣ አለበሰው፣ አንድ ገንቦ ውሃ አጠገቡ አኖረ፣ ሻማ ለኩሶ መደገፊያው ላይ አቆመ።

«ለቬቱሪያ ነፍስ ይሁን» አለ።

«እግዚአብሔር ይቀበል፣ ይድረሳት» አለች ሊዮንቲና፤ አማተበችና ተቀበለችው። በዚህ አለቀ። እንዲህ ተብሎ የተሰጠ ነገር የሰጪውም የተቀባዩም አይደለም። ቤት ቢቃጠል እንኳ አይመለስም። አኪም ሲመለስ ጀርባው ቀልሎት፣ ደስም ብሎት ነበር ማለት ይቻላል።

ሩክሳንድራ በተባለው ባቡር መጣች። አኪም ተላጭቶ፣ የደን ጠባቂነት ካፖርቱን ለብሶ ቀድሞ ደርሷል። ልጅቱ አባቷን አቀፈች፤ ከዚያ በሩን ከፍታ ወንበሩን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገች፣ ቀበቶውን ስባ ለቀቀች፣ እንደገና ድንገት ስትስበው እንደሚይዝ አየች።

«አንተ ነህ ይህን ሁሉ የሠራኸው?»

«ቲቲ በየደ። የቀረው የኔ ነው።»

«ጎበዝ፣ አባዬ» አለችና ጋቢና ገባች። ቀበቶው ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። አኪም ያን ድምፅ ሲሰማ የፈለገውን ሁሉ ያገኘ ሰው ነበር።

መንገዱን በዝግታ ያዘ። በየአጥሩ ያለው ሰው እንዲያያቸው ትንሽም ዝግ አደረገው፤ ይህን እንኳ ይቅር እንበለው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ጥምዙ ላይ ፍሬን ያዘ፤ ክንዱም ተነሥቶ በልጁ ደረት ላይ ተዘረጋ። ሩክሳንድራ ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም፤ በፍቅር ነው የሳቀችው። ክንዱን በሁለት ጣቷ ይዛ በቀስታ መለሰችለት።

«ቀበቶ አለኝ እኮ!»

«አዎ፤ ለካ አለሽ» አለ። እጁን ማርሹ ላይ አደረገው፤ ማርሽ መቀየር ሳያስፈልገው እስከ ቤት ድረስ እዚያው ያዘው።

ሙት ዓመቱ ደህና ሆነ። ንፍሮው ተባረከ፣ ወይኑ መቃብሩ ላይ ፈሰሰ፣ ቄሱ ብዙ አላስረዘሙም። ሩክሳንድራ የእናቷን ልብሶች አጣጥፋ አከፋፈለች፣ ማቀዝቀዣውን በምግብ ሞላች። ፈቃዷ አጭር ነበርና ብዙም ሳትሰነብት አኪም ወደ ጣቢያው መለሳት። ባቡሩ ሲመጣ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ «አሁንስ ስለ አንተ አልጨነቅም» አለችው። ደስ ይበለው ብላ ነው ያለችው። አኪምም ራሱን ነቀነቀ።

አልተጨነቀችም። ዱሮ ስትደውል በአሮዋ ተነሥተው፣ ተጨቃጭቀው፣ «ቆርቆሮ!» «መጥረጊያ!» ተባብለው ግማሽ ሰዓት ይሄድ ነበር። አሁን «መኪናዋስ?» ትለዋለች፣ «ደህና ናት» ይላታል፣ «ቀበቶ ታስራለህ?»፣ «አስራለሁ»፤ ከዚያ ሁለቱም የሚሉት ይጠፋባቸዋል። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ወና ይሆናል። አኪም ለዳቦ ሲወርድ፣ ለመድኃኒት ሲወርድ፣ ግራጫው ወንበር ከጎኑ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ቅርፊት የለበት፣ ብርድ ልብስ የለበት። ወፍጮ ቤቱ ጋ ክንዱ በየጊዜው ይዘረጋል፤ የሚያገኘው ነገር ቢኖር የወንበሩ ልስላሴ ነው። አንድ ቀን ሆዱ ባሰውና ጥምዙን እንዳለፈ መኪናዋን አቁሞ አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ፊቱን ጠርጎ ሄደ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሊዮንቲና በር ላይ ቆመ። ወንበሩ ከጣሪያዋ ክፈፍ ሥር፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ፣ ፎጣው እንደለበሰ ተቀምጧል።

«ምን ልርዳህ?» አለችው። ከዚያ የካፖርቱን ኪስ አየች። «መፍቻ ይዘህ ነው የመጣኸው?»

አኪም አፈረ። «ቀበቶው እንዳለ ሆኖ ይህም ወንበር ይገጠማል፤ ብሎኖቹ ልክ ናቸው። ግራጫውን ላንቺ አመጣዋለሁ። ለስላሳ ነው፣ ለጉልበትሽም…»

«አኪም።»

«አውቃለሁ።»

«ብመልስልህ መንገድ ላይ ትቆማለች። እኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት እሷን ቆማ ሳይ ልደር?»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!» ብሎ ተቆጣ፤ ወዲያውም ቁጣው ወጣለት። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት መፍቻውን ኪሱ ውስጥ ጨበጠ።

ሊዮንቲና አየችው። «መውሰድ አይቻልም አልኩ እንጂ መቀመጥ አይቻልም አላልኩም» አለችና ፎጣውን አነሣችለት።

አኪም በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ዕድሜ ልኩን መሪው ጋ ነው። አሁን ዞሮ በቀስታ ዝቅ አለ፤ ሞላው ጭኑን ወጋውና «ወይ!» ብሎ ብድግ አለ። ሊዮንቲና በሳቅ ፍርስ አለች።

«ብርድ ልብሱ ለምን ይመስልህ ነበር?»

«ይበርዳታል ብዬ ነዋ!»

«በጠራራ ፀሐይ?»

አኪም ወንበሩን በእጁ ዳበሰ፤ ሞላው እንደ ጣት ቀጥ ብሎ ወጥቷል። «ለምን አልነገረችኝም? ይህ እኮ የግማሽ ቀን ሥራ ነው!»

«ብትነግርህ ወንበሩን ታድሳለህ። ወንበሩን ስታድስ ደግሞ ቀበቶውንም ታስገባለህ። አንተ የጀመርከውን መቼ ትተዋለህ?»

«ቢገባስ? ቀበቶ ምን አደረጋት?»

ሊዮንቲና ሳቋን ተወች። ወደ መንገዱ አየች፣ ወደ እሱ አየች። «አንተ ሰውዬ፣ ደን ስትጠብቅ ኖረህ እንጨት ሆነህ ቀረህ» አለችው። «ከምንጩ ውሃ ስንቀዳ ነው ያጫወተችኝ። ‹ቀበቶ ካስገባ እጁን አይዘረጋም› አለችኝ። ‹ቤት ውስጥ ክንዱን አላውቀውም፤ መኪናዋ ውስጥ ግን ከዚህ እስከ ከተማ ስንት ጥምዝ እንዳለ አንቺም ታውቂያለሽ› ብላ እንደ ኮረዳ ሳቀች። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። በሰማይ ትቀየመኛለች መሰለኝ።»

ሊዮንቲና የፕለሙ ድስት እንዳያርባት ብላ ወደ ውስጥ ገባች። አኪም እንደገና ተቀመጠ። ሞላው ወጋው፤ እንዲወጋው ተወው። ከዚህ መንገዱ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይታያል። እሷ ስታየው የኖረችው ይህንኑ ነበር፤ መንገድ ከፊቷ፣ እሱ በግራዋ።

ግንድ የጫነ መኪና ከላይ ወረደ። በሩ ፊት ያለው ጥምዝ ላይ ሲደርስ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ጎማው ጮኸ። አኪም ወንበሩ ላይ እንዳለ ሳያስበው ሰውነቱን አጠነከረ፤ ደረቱ ከግራ በኩል የሚመጣ ክንድ ጠበቀ። መኪናው ጥምዙን ጨርሶ ወረደ። ክንድ አልመጣም።